የሁከት መዝገብ

ሥራዬ ቀላል ነው፤ ለሚጠይቀኝ ሰው፣
ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ሁከት ነው የምጽፈው።
በሉዊዚያና ደን፣ ከጥዱ መካከል፣
ክንዱን ዘርግቶ የተኛ ሰው የሚመስል
ሁለት ቱቦ አለን፣ ኮንክሪት የለበሰ፣
አየሩ ተመጦ ብርሃን የነገሠ።
ብርሃኑ ይሄዳል፣ መስተዋት ነክቶ ይመለሳል፤
መንገዱ ረዘመ ወይስ አጠረ? ይለካል።

ሁለት የሞቱ ኮከቦች ተቃቅፈው ሲወድቁ
ክንዳችን ትሳባለች ይላሉ፣ የሚያውቁ።
በምን ያህል? ቢሉ፣ ከአቶም እምብርት
በሺህ እጅ ባነሰ፣ በኢምንት ኢምንት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ጆሮ የማይሰማው የለም።
የባሕረ ሰላጤው ማዕበል ዳርቻ ሲመታ፣
የዕቃው ባቡር ሲያልፍ፣ ሰው ተኝቶ በማታ፣
ሁሉም ሰማይ መስሎ ይገባል በሩን፤
እኔ ነኝ ዘበኛው፣ የምጠይቅ ስሙን።
«ባቡር። ቸል ይባል።» «ማዕበል። ቸል ይባል።»
እንዲህ እያልኩ ስጽፍ ሌሊቱ ይነጋል።

አባቴ አልሲድ ቴሪዮ ዛፍ ቆራጭ ነበር።
ከአጥራችን ማዶ ነው፣ ለወረቀት ፋብሪካ
አርባ ዓመት ጥድ ሲጥል፣ በክንዱ እየለካ።
አንድ ግንድ ሲጥል መሬት ትደነግጣለች፣
የእኔም መስመር ስክሪኑ ላይ ሽቅብ ትዘላለች።
ማታ ገበታ ላይ፣ ሽሪምፕ እየላጠ፣
«እህስ?» ይለኛል፣ ሳቁን እየዋጠ፣
«ዛሬስ የትኛውን ዛፌን ሰማሽብኝ?»
«የአንድ ሰዓት ከሩቡን፤ ግንዱ ወፍሮብኝ
መስተዋቴን ነቀነቅኸው።» ይስቃል ከልቡ፦
«ሰማይ ስሚ ብለው በደመወዝ ሲያስገቡ
አባቷን ትሰልላለች!»

አንድ ቀን ጠየቀኝ፣ መጋዙን ሲሞርድ፣
ይኼ ስበት የሚሉት፣ ሲሄድም ሲወርድ፣
ፍጥነቱ ምን ያህል ነው?
«እንደ ብርሃን» አልኩት። «ፀሐይ ድንገት ብትጠፋ
ስምንት ደቂቃ ያህል መሬት አታውቅም።
ባዶውን ትዞራለች፣ እንደ ትናንቱ፣
እኛም እንሞቃለን።»
ሞረዱን አስቀመጠ። «ምስኪን» አለ።
ማንን እንደሆነ አልገባኝም።

የጥቅምት ማክሰኞ፣ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት፣
ተረኛው ሊተካኝ፣ እኔም ልሄድ ቤት፣
መስመሯ ዘለለች። አንድ ጊዜ። ከዚያ ጸጥ።
የማውቀው ቅርጽ ነው፤ እጄ አላመነታም፦
«ዛፍ ወደቀ። ሁለት ኪሎ ሜትር። ቸል ይባል።»

ዊልበርት ገባና ስለ ኳስ አወራን፤
ስለ ዝናብ ደግሞ፣ ስለ ትንኙ ብዛት።
ስምንት ይሁን አሥራ አንድ፣ ደቂቃውን አልቆጠርኩ፤
ፀሐይ እንዳላት ሴት በባዶው ላይ ዞርኩ፣
ሙቀቱም ጎኔ ነበር።
ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

ሐረግ ያዘው አሉኝ፤ ዛፉ ዞሮ ወደቀ።

በሌላው ዓመት፣ አንድ ረፋድ፣ ሞገዱ መጣልን፤
መቶ ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት የተጓዘ።
ስበቱ ቀደመ፣ ጨረሩም ከኋላው፣
ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ።
ከቤት ዘግይቶ ወጥቶ ነው እንጂ ይላሉ፣
በመንገድስ አልተበለጠም።
ኬክ ተቆረሰ፤ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤
እኔም አጨበጨብኩ፣ እውነት ደስ ብሎኝ።
የሰማይ መርዶ እንዲህ ነው፣ አይደናበርም፣
የሟቹን ልጅ ስልክ ቁጥር ከሰው አይጠይቅም።

አሁንም ዛፍ ይወድቃል፤
ቆራጩ ሌላ ነው፣ ስሙን አላውቅም።
የሆነውን እጽፋለሁ፣ ርቀቱን እጽፋለሁ፣
ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ እተወዋለሁ።
አለቃዬ ትናንት ጣቷን አሳረፈችበት፦
«ኦዴት፣ ይኼ ቦታ ምን ይሁን?»
«ትንሽ ይቆይ» አልኳት።
«ስልኩ ካልጮኸ እሞላዋለሁ።»